ያሳደገ መርዶክዮስ፣ የወለደ አቢካኢል

ንባብ፦ አስቴር ምዕራፍ 2



ዛሬ የምናስበው ጥያቄ በየብሎካችን ያለ ነው። ወላጆቹ የት እንዳሉ የማይታወቅ ልጅ ቤታችሁ ገባ እንበል። አበላችሁት፣ አጠባችሁት፣ ሲታመም አብራችሁት አደራችሁ። ይህ ልጅ የማን ነው? "የእኔ ነው" ለማለት ፍቅር ብቻውን ይበቃል ወይ?

እስቲ መርዶክዮስን እንየው። እሱም እንደኛ በሰው አገር የሚኖር ሰው ነው። አስቴር የአጎቱ ልጅ ነበረች፤ አባትና እናቷ ሲሞቱ ወስዶ እንደ ልጁ አሳደጋት። ቤተ መንግሥት ከገባች በኋላ እንኳ ደህንነቷን ለማወቅ በየቀኑ በግቢው ፊት ይመላለስ ነበር። ይሄ አባትነት ካልሆነ ታዲያ ምን አባትነት ነው?

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ቁጥር 15 ላይ ወደ ንጉሡ የምትገባበት ተራ ሲደርስ፣ መጽሐፉ የአቢካኢል ልጅ ይላታል። ንግሥት ሆና ደብዳቤ ስትጽፍም፣ ምዕራፍ 9 ቁጥር 29 ላይ፣ አሁንም የአቢካኢል ልጅ ናት። አቢካኢል ምን እንደሠራ አንድም ነገር አልተጻፈም። ሞቷል፤ አላሳደጋትም። ስሙ ግን ከልጁ ላይ አልተነሣም። የእሱ ስም ስለተጠራ ደግሞ ከመርዶክዮስ ምንም አልጎደለም።

እኛ ጋ ግን አንዳንዴ የሚሆነው ሌላ ነው። ልጁን ቤት ያስገባ ሰው፣ "ለቢሮ ብናገር ይወስዱብኛል" ብሎ ዝም ይላል። ስሙን ይለውጥለታል። ሕፃኑ ሲጠይቅም "እኔ ነኝ የወለድኩህ" ይለዋል። ይህን የሚያደርገው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ብዙ ያጣ ሰው የቀረውን አጥብቆ ይይዛል። እኛ ስደተኞች ይሄን እናውቀዋለን። ሆኖም በዚያ ዝምታ ውስጥ ሌላ ሰው አለ። አንዲት እናት ምናልባት በሌላ ካምፕ፣ ምናልባት ድንበር ላይ ሆና ልጇን ትፈልጋለች። እኛ ዝም ስንል እሷ በከንቱ ትደክማለች።

"ኧረ ሞታለች፣ ሁሉም ያውቃል" ትሉ ይሆናል። ይህ ካምፕ የተጀመረበትን ታሪክ አስቡ። ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲከፈት መጀመሪያ ከገቡት ውስጥ ብዙዎቹ ብቻቸውን የመጡ የሱዳን ልጆች ነበሩ። ከኢትዮጵያ ካምፖች ወጥተው፣ ደቡብ ሱዳንን በእግራቸው አቋርጠው ነው የደረሱት። ብዙዎቹ ወላጅ የላቸውም ተብሎ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን እናታቸውን በሕይወት ያገኙ አሉ። በጦርነት መካከል የጠፋ ሁሉ የሞተ አይደለም።

ለዚህ ነው ጥያቄውና ወረቀቱ የሚበዛው። ሁለት ነገር ለዩ። አንደኛው ልጁን በአደራ ተቀብሎ ማሳደግ ነው፤ ፎስተር የሚባለው ይህ ነው። ሁለተኛው ጉዲፈቻ ነው፤ ይህ በሕግ ለዘለቄታው ልጅ ማድረግ ነው። በኬንያ ጉዲፈቻን የሚያጸድቀው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ቄስም፣ የብሎክ ሊቀ መንበርም፣ የዘመድ ጉባኤም አይችልም። ስደተኛ ልጅ ሲሆን ደግሞ የዩኤንኤችሲአር መመሪያ ቤተሰቡ ይፈለግ ይላል፤ ለፍለጋው አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 2 ዓመት ይጠበቃል። ቀይ መስቀል የጠፋ ቤተሰብ የሚያፈላልገው በነጻ ነው።

በአደራ ለማሳደግም ቢሆን ይጠይቋችኋል። ልጁን የት አገኛችሁት? ከማን ጋር ነበር? ቤታችሁ ስንት ሰው አለ? ቤታችሁን መጥተው ያያሉ፤ ልጁንም ለብቻው ያናግሩታል። "እኔን እንደ ሌባ!" ብላችሁ አትቆጡ። ልጁ ስለ ራሱ መሟገት አይችልም፤ ያ ሁሉ ጥያቄ የእሱ ጠበቃ ነው። ልጅ ለሥራ የሚፈልግ፣ ለራሽን የሚፈልግ፣ ለሌላ ክፉ ነገርም የሚፈልግ ሰው አለና። መልካም ሰው ቢጠየቅ ምን ይጎዳዋል?

በአገራችንም ቢሆን ያው ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም ይላል። ፍርድ ቤቱም ከማጽደቁ በፊት የልጁን ሐሳብ ይሰማል። እንግዲህ ሕጉም የአቢካኢልን ስም አይፍቅም ማለት ነው።

"ልጁ ዛሬ ርቦታል፤ ቢሮው እስኪወስን ልጠብቅ እንዴ?" የሚል አለ። የለም፣ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ አብሉት፣ አስተኙት። ጠዋት ሂዱና ተናገሩ። ማብላት ፈቃድ አይፈልግም፤ መደበቅ ግን ኃጢአት ነው።

ሌላም ፈተና አለ። ለሪሴትልመንት ፕሮሰስ ሲባል ያልወለዱትን ልጅ ወለድነው ብሎ ማስጻፍ። ወገኖቼ፣ ኢንተርቪው ላይ ያ ልጅ ብቻውን ሲጠየቅ ምን ይበል? እውነቱን ቢናገር ቤተሰቡን ያፈረሰ ይመስለዋል። ቢዋሽ ደግሞ ገና በስድስትና በሰባት ዓመቱ የእኛን ውሸት ተሸክሞ ይኖራል። ልጁ ከእናንተ ጋር የሚኖረው በአደራ ከሆነ፣ በአደራ ተብሎ ይጻፍ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከባዱ ነው። ሦስት ዓመት ካሳደጋችሁት በኋላ እናቱ በሕይወት አለች ቢባልስ? አንጀት ይቆርጣል፤ ቀላል ነው አልላችሁም። በሰሎሞን ፊት የቆሙትን ሁለት ሴቶች አስታውሱ። ንጉሡ እውነተኛዋን እናት ያወቃት፣ ልጁ በሕይወት ይኑር እንጂ ለሌላዋ ይሰጥ ባለች ጊዜ ነው። ያልወለደ ሰውም እንደዚህ ማድረግ ይችላል። ያን ቀን ልጁን ስታስረክቡ ያሳደጋችሁት ዓመት ከንቱ አይሆንም። እናቱ ቆማ የምታቅፈው ልጅ ያገኘችው እናንተ ስላበላችሁት ነው።

እንግዲህ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ፣ በዚህ ሳምንት የሕፃናት ጉዳይ ወደሚያየው ቢሮ ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ልጁ የሚያስታውሰውን ጻፉ፤ መጻፍ የማይችል በጎረቤት ያስጽፍ። የእናቱን ስም፣ የሰፈሩን ስም፣ የወንድሞቹን ስም፣ በቤት ሲጠሩት ምን ይሉት እንደነበር። ሕፃን ቶሎ ይረሳል፤ ዛሬ የሚያውቀውን የዛሬ ዓመት ላያውቀው ይችላል።

ጌታ የምታሳድጉበትን ጉልበት ይስጣችሁ። አሜን።