አላፊውን ሰዓት የሚሥል ሰው ሐሰተኛ ነውን?

በከተማችን በአማኑኤል አንድ ወጣት የጮቄን ተራራ ሐምራዊ አድርጎ ሥሎ ለካህናትና ለሽማግሌዎች ቢያሳይ፥ «ተራራ መቼ ሐምራዊ ሆነ? ያላየኸውን መሰከርህ» ብለው ነቀፉት። እኔም ከነቃፊዎቹ ጋራ ስቄአለሁ። ነገሩ ግን ከሣቅ ይበልጣል፤ በሐሰት አትመስክር የሚለው ሕግ በቀለም የሚመሰክረውንም ይይዛልና።

ዮሐን ባርቶልድ ዮንግኪንድ የሚባል የሆላንድ ሠዓሊ ነበረ፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1819 ተወልዶ በ1891 ሞተ። ልማዱም በሜዳ ሆኖ ወንዙንና ሰማዩን በውሃ ቀለም ፈጥኖ መንደፍ፥ ኋላም በቤቱ ተቀምጦ በዘይት ቀለም መፈጸም ነበረ። በ1864 አካባቢ በፓሪስ ያለውን የኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን ከአንድ ስፍራ ሁለት ጊዜ ሣለው፤ አንዱን በብርድ ወራት ማለዳ ብር አስመስሎ፥ ሁለተኛውን ፀሐይ ስትጠልቅ እሳት አስመስሎ። ድንጋዩ አንድ ነው፤ ሥዕሉ ግን ሁለት ሆነ። ከ1874 ወዲህ ኢምፕረሲዮኒስት ከተባሉት ሠዓልያን ዋነኛው ፈረንሳዊው ክሎድ ሞኔ፥ መምህሬ እርሱ ነው ብሎ መስክሮለታል።

የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ እንዲህ አያደርግም። ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፥ ኃጥኡን በአንድ ዓይኑ ይሥላል፤ የሰዓቱንም ጥላ አይጥልበትም፤ የሚሥለው የማያልፈውን ነውና። ይህ ሥርዓት እንዲነካ አልፈቅድም፤ ሕዝብ የሚማፀንበት ሥዕል ከፀሐይ ጋራ ሊለዋወጥ አይገባውም።

ነገር ግን አላፊውን መመስከር ሐሰት ከሆነ፥ እኛ በማኅሌት የምንቆመው ምን ልንባል ነው? የቅዱስ ያሬድ ድጓ በዘመን በዘመን የተከፈለ ነው፤ በክረምት ስለ ዝናቡና ስለ ደመናው፥ ከመስከረም 26 ጀምሮ ስለ አበባው ይዘመራል። ቅኔስ? ባለቅኔ የዕለቱን ለዕለቱ ይቀኛል እንጂ የትናንቱን ደግሞ ቢያመጣ ያፍርበታል። እንግዲህ ሐሰተኛው ሰዓቱን ዘላለም ነው ብሎ የሚያቀርብ ነው እንጂ፥ ሰዓቱን ሰዓት ብሎ የሚያሳይ አይደለም። ሆላንዳዊው አንዱን ሥዕል ብቻ ትቶልን ቢሆን ምናልባት በተሳሳትን ነበር፤ ሁለተኛውን በጨመረ ጊዜ ግን የፊተኛው ምሉዕ እንዳልነበረ ራሱ ተናዘዘ።

ባለፈው ኅዳር ከሠርክ ጸሎት ስወጣ ወደ ጮቄ ተመለከትሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነበረችና የወጣቱ ቀለም በተራራው ላይ ነበረ። በዚያ መንገድ ስንት ዘመን ተመላልሻለሁ! በማግሥቱ ወጣቱን ፈልጌ ሥዕሉን እንደ ገና እንዲያሳየኝ ለመንሁት። አመጣልኝ፤ ነገር ግን በላዩ ደግሞ ቀብቶበት፥ ተራራውን አረንጓዴ አድርጎት ነበር።