በግድ የተገጠመ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሰው ያላየው ጉድለት ጉድለት ነውን? ይህን ጥያቄ በልቤ ያሳደረብኝ መጽሐፍ አይደለም፤ በኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ ለማጅ ሳለሁ የገጠመኝ አሮጌ ላንድሮቨር ነው።

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. ብቅ ካለው ከጥንቱ የላንድሮቨር ዘር ነበረ። የዚህ ዘር የፊት መስታወት በመካከሉ የተከፈለ ሁለት ዝርግ መስታወት ሲሆን፣ ክፈፉ ከሥር በግራና በቀኝ በቡሎን ይያዛል። የአካሉ ቆርቆሮ አብዛኛው አሉሚንየም ነው፤ ክፈፉ የሚቆምበት፣ ከሞተሩ በስተኋላ ያለው ግድግዳ ግን ብረት ስለ ሆነ ዝገት ይበላዋል።

አንድ ቀን አለቃዬ ክፈፉን እንድገጥም አዘውኝ ወደ ምሳ ሄዱ። የግራው ቡሎን በደኅና ገባ፤ የቀኙ ቀዳዳ ግን አልገናኝ አለ። እኔም በትከሻዬ ገፍቼ አስገባሁትና በቁልፍ አጠበቅሁት። ወዲያው ከመስታወቱ ማዕዘን ጠጉር የመሰለ ስንጥቅ አየሁ። ጎማውን ሳስተካክል ስንጥቁ ተሸፈነ፤ እኔም «ማን ያየዋል?» ብዬ ዝም አልሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባለመኪናው መጥቶ፣ «ማታ ልጆቼን ይዤ ወደ ደሴ እወጣለሁ» አለ። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ አጭር መንገድ መኪናው በሐረጎ ጠመዝማዛ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ያ ስንጥቅ በየኩርባው ሲሰፋ፣ ልጆቹም ከበስተኋላው ተቀምጠው በዓይነ ኅሊናዬ ታዩኝ። «ጋሼ፣ መስታወቱን ሰንጥቄዋለሁ» አልሁ።

አለቃዬ ሁሉንም አስፈቱኝ። ከቀኝ በኩል ክፈፉ የሚያርፍበት ብረት በዝገት ተበልቶ ዝቅ ብሎ ነበር። «መስታወቱን የሰበርህ አንተ ነህ፤ ጥፋቱ ግን የጀመረው ከሥር ነው» አሉኝ። ባትላሜራው ብረቱን ካደሰ በኋላ፣ ቡሎኖቹን ሁሉ አላልተን አስገባን፤ በሮቹን ዘግተን ክፍተቱን አየን፤ ከዚያም አንድ ጊዜ ግራውን፣ አንድ ጊዜ ቀኙን፣ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቅን። የመስታወቱም ዋጋ ከደመወዜ ተቆረጠ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የተረዳሁት ይህ ነው፤ ጉልበት የተጣመመውን አያቃናም፤ ሸክሙን ከብርቱው ወደ ደካማው ያዛውረዋል እንጂ። በቤትም ቢሆን በቁጣ የቆመ ሰላም የሚያርፈው ዝምተኛ በሆነው ልጅ ላይ ነው።

«ታዲያ ስሕተቴን ሁሉ በአደባባይ ልናገርን?» ትለኝ ይሆናል። አይደለም። ቅጣቱ በራስህ ላይ ብቻ የሚያርፍ ጉድለት የራስህ ምሥጢር ሊሆን ይችላል። ሌላው ሳያውቅ ይዞት የሚጓዘው ጉድለት ግን ያንተ አይደለምና ልትሸሽገው መብት የለህም። ብትናገር ደመወዝህ ይቀነስ ይሆናል፤ ዝም ብትል ግን ዋጋውን የሚከፍለው በሐረጎ ላይ ያለው መንገደኛ ነው።