«ልጄ እናንተ ዘንድ ነው?» ለምትል እናት መልስ መስጠት አማና ነው

 

ዘመዱ መታሰሩን ያወቀ ሰው ቢያዝንም የሚሠራው ሥራ አለው፤ ስንቅ ያቀብላል፣ ዋስ ያፈላልጋል፣ ጠበቃ ያማክራል። ዘመድ የሞተበትም ሰግዶ ይቀብራል፤ ሚስት ዒዳዋን ትቆጥራለች፣ ውርስ ይከፈላል። ይታሰር ይሙት ያላወቀ ቤተሰብ ግን ከሁለቱ አንዱንም ማድረግ አይችልም። የፊቅህ ሊቃውንት ደብዛው ስለጠፋ ሰው፣ «መፍቁድ» ስለሚሉት፣ የተለየ ድንጋጌ የጻፉት ይህ ችግር ቤት የሚያፈርስ መሆኑን ስለተረዱ ነው።

በአንድ ወቅት ለሥራ ወደ ፎገራ ሄጄ ነበር። ወረታ መንገድ በሦስት የሚከፈልባት ከተማ ናት፤ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ ጎንደር፣ አንዱ ወደ ደብረ ታቦር ይወስዳል። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ያነጋገርኳቸው አንዲት እናት፣ ልጃቸው ሩዝ ሊሸጥ ከቤት ወጥቶ በቀረ ጊዜ በየትኛው መንገድ እንደተወሰደ ስላላወቁ በሦስቱም ሄደዋል። የሚጠይቁትም በስንቅ ነበር። «ድርቆሹን ከተቀበሉኝ አለ ማለት ነው፤ ከመለሱልኝ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ» አሉኝ። ስንቅ መጠየቂያ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። በደርግ ዘመን «ከእንግዲህ ምግብ አታምጡ» የተባለ ቤተሰብ መርዶውን የሚረዳው በዚያው ነበር።

አንድ ጣቢያ በር ላይ ዘበኛው መዝገብ ሳይገለጥ «የለም» አላቸው፤ ሌላው «ነገ ይምጡ» አላቸው። «ጥፋት ካለበት ይጠየቅ፤ እኔ የምለው አለ ወይስ የለም፣ ይህን ብቻ ነው» ይላሉ እናትየዋ። በመጨረሻ ወሬውን ያገኙት ከመዝገብ አይደለም። ከእስር የተፈታ አንድ የማያውቁት ሰው መንደራቸውን አጠያይቆ ደረሰና «ልጅዎ በሕይወት አለ፤ አንድ ክፍል ነበርን» አላቸው።

ወገኖቼ፣ ሱረቱ ዩሱፍን እናስታውስ። ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ያለ ጥፋታቸው ታስረው ሳለ፣ የሚፈታው ጓደኛቸው ጉዳያቸውን ለጌታው እንዲያነሳላቸው አደራ ብለውት ነበር። ሸይጧን አስረሳውና ዩሱፍ ተጨማሪ ዓመታት በእስር ቆዩ። አባታቸው ያዕቆብም (ዐ.ሰ) ዓይናቸው እስኪነጣ አዘኑ። ቢሆንም በለቅሶ ብቻ አልተቀመጡም፤ ልጆቻቸው የዩሱፍንና የወንድሙን ወሬ እንዲያፈላልጉ፣ ከአላህም እዝነት ተስፋ እንዳይቆርጡ አዘው ላኳቸው። እንግዲህ የጠፋን ሰው ማፈላለግ ከተወኩል ጋር አይጋጭም፤ የነቢያት መንገድ ነው።

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኹጥባ እያደረጉ ሳለ አንድ ሰው ተነስቶ ጎረቤቶቹ በምን ምክንያት እንደተያዙ ጠየቃቸው። ሁለት ጊዜ ዝም አሉት፤ ከዚያም ጎረቤቶቹ እንዲለቀቁለት አዘዙ። ልብ በሉ፤ ጠያቂው «ምን አገባህ» አልተባለም። ፉቀሃዎችም አዲስ የተሾመ ቃዲ አስቀድሞ የሚመለከተው የእስረኞችን ጉዳይ ነው ብለዋል፤ ስማቸው ይመዘገባል፣ ጉዳያቸው የሚታይበት ቀንም በከተማው ይለፈፋል። የኢማሙ አቡ ሐኒፋ ተማሪ አቡ ዩሱፍ ለኸሊፋው ሃሩን አር-ረሺድ ሲጽፉ፣ ሹማምንቱ የእስረኞችን ጉዳይ በየቀኑ እንዲመረምሩ መክረዋል።

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። አንቀጽ 21 ደግሞ የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዶቹ፣ ጓደኞቹ፣ የሃይማኖት አማካሪው፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ እንደተጻፈው፣ እስረኛው ራሱ ማመልከት ባይችል ሌላ ሰው በቃለ መሐላ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ያቀርብለታል። ፍርድ ቤቱም ያሰረው አካል እስረኛውን ይዞ ቀርቦ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ያዛል።

«ጊዜው የጸጥታ ችግር ያለበት ነው» የሚሉ አሉ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ለአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተራዝሞ 10 ወር ያህል ሲጸና፣ ሰዎች መደበኛ ባልሆኑ ማቆያዎች መያዛቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አሳውቋል። ጸጥታ ሰውን ለመያዝ ምክንያት ይሆን ይሆናል፤ ያለውን ልጅ «የለም» ብሎ እናትን ለመዋሸት ግን ምክንያት አይሆንም።

ስለዚህ ከእስር የተፈታህ ወንድሜ፣ የጓደኞችህን ስም ይዘህ ውጣ፤ ለቤተሰቦቻቸው ሳታደርስ አትተኛ። መዝገብ የያዝክ ወንድሜ፣ መዝገቡን ገልጠህ እውነቱን ንገር፤ በቂያማ ቀን አንተም መዝገብህ ይገለጣል። ወሬ የሰማህ፣ ሳታጣራ ለእናት አትንገር። ለዚህ ወሬ ገንዘብ የምትቀበልም አላህን ፍራ። ቤተሰብ የተያዘበትን ቀንና ቦታ፣ ያዩትንም ሰዎች ይጻፍ፤ ከጣቢያ ቢመለስ ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ኮሚሽኑ ይሂድ። እኛ ጀመዓዎች ደግሞ እናቲቱን ብቻዋን አንላካት፤ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች አብረዋት ይቁሙ። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም እናት እንባ አንድ ነው።

አላህ የጠፉትን ለቤተሰቦቻቸው ይመልስ፤ የተበደሉትንም ነፃ ያውጣ። አሚን። ወላሁ አዕለም።