የሰው ልክ ስንት ላይ ይሞላል?

ለመሆኑ የአንድ ሰው የሥራ ዘመን በቁጥር ይገለጻል? ይገለጻል ከተባለስ ቁጥሩ ስንት ሲደርስ ነው “አሁን ሞላ” የሚባለው? ጥያቄው የጨዋታ ሊመስል ይችላል። መነሻውም በእርግጥ ጨዋታ ነው። ሆኖም አንዳንድ ጨዋታ በቁም ነገር ስንወያይ የምንሸሸውን ነገር ገልጦ ያሳያልና አንባቢ ጥቂት ታግሦ እንዲከተለኝ እለምናለሁ።

አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚባል በጣም የሚወዱት ጨዋታ አላቸው። በእኛ አገር ብዙም አይታወቅም። የተወረወረለትን ኳስ በዱላ መትቶ የሚሮጥ ሰው ጨዋታ ነው ብንል ለዛሬው ይበቃናል። ይህ ጨዋታ እንደ እግር ኳሱ ሁሉ በቪዲዮ ጌም ተሠርቶ “ኤም ኤል ቢ ዘ ሾው” በሚል ስም ለገበያ ይቀርባል። በውስጡ የተጫዋቾች ካርድ አለ። ካርዱ የተጫዋቹን ምስልና የችሎታውን ነጥብ ይይዛል፤ ከፍተኛው ነጥብ 99 ነው። ከነዚህ ካርዶች መካከል “ማይልስቶን” የሚባሉ አሉ። በመንገድ ዳር እንደሚተከለው የኪሎ ሜትር ድንጋይ መሆናቸው ነው። አንድ ተጫዋች በዘመኑ የደረሰበትን ትልቅ ቁጥር ለማስታወስ ይወጣሉ። ጌሙን የሚጫወተው ልጅ ካርዱን በጨዋታ ብልጫ ያገኘዋል፤ ወይም በጌሙ ገንዘብ ይገዛዋል።

በቤዝቦል ከከበሩት ቁጥሮች አንዱ 3,000 የተሳካ ምት ነው። የፖርቶ ሪኮው ተወላጅ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ 3,000ኛውን ምት የመታው እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 1972 ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 31 ቀን፣ በኒካራጓ በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ ሰዎች እርዳታ ይዞ ሲበር አውሮፕላኑ ባሕር ውስጥ ወድቆ ሞተ። ቁጥሩ እዚያው 3,000 ላይ ቆመ። ሳም ራይስ የሚባል ሌላ ተጫዋች ደግሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ጨዋታ ሲያቆም የተሳካ ምቱ 2,987 ነበር። አሥራ ሦስት ብቻ ጎደለው። በዚያን ዘመን 3,000 ዛሬ የተሰጠውን ክብር አላገኘም ነበርና ማንም “ትንሽ ቆይና ሙላው” ብሎ አልጎተጎተውም።

እንግዲህ እንጠይቅ። ከክሌሜንቴና ከራይስ የቱ ይበልጣል? በሥራ ብዛት ካየነው በመካከላቸው ያለው አሥራ ሦስት ምት ነው። በድንጋዩ ካየነው ግን አንዱ ወዲህ ነው፣ አንዱ ወዲያ። የክሌሜንቴ ካርድም ቢሆን 3,000 ይላል እንጂ የዚያን ሌሊት አውሮፕላን አይጨምርም። ሰውየውን ትልቅ ያደረገው ምቱ ነው ወይስ በዓመቱ መጨረሻ ዕለት ቤቱን ትቶ መሄዱ? ካርዱ ለዚህ ቦታ የለውም።

የጥንት ግሪኮች የክምር እንቆቅልሽ የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ኤውቡሊደስ ከተባለው ፈላስፋ ጋር ይያያዛል። አንድ ፍሬ ክምር አይደለም። ሁለትም አይደለም። ክምር ያልሆነው ነገር ላይ አንድ ፍሬ ስለ ጨመርንበት ብቻ ክምር ሊሆን አይችልም ካልን፣ ክምር ከየት ይመጣል? ነገሩን ወደ ቡና እናምጣው። አውድማ ላይ ስንት ፍሬ ጀንፈል ሲጠራቀም ነው የቡና ክምር የሚባለው? መልስ የለውም። ክምሩ ግን አለ፤ ዐይን ያየዋል። ስለዚህ 3,000 የሚለው ድንበር የተፈጥሮ ሳይሆን የእኛ ሥራ ነው። እጃችን አሥር ጣት ባይኖረው ኖሮ ድንጋዩን የምንተክለው ሌላ ቦታ ነበር።

የእኛ ቡናም ቢሆን ከዚህ ሕግ አላመለጠም። የዓለም ገበያ ቀማሾች አንድን ቡና ቀምሰው ከ100 ነጥብ ይሰጡታል። 80 ከደፈነ “ስፔሻልቲ” ይባላል፤ ስሙም ዋጋውም ይለወጣል። 79.75 ያገኘው አይባልም። በሩብ ነጥብ ምክንያት አንዱ ገበሬ የሚተዋወቅ ቡና አለው፣ ጎረቤቱ ደግሞ እንደ ሌላው ሁሉ ይሸጣል። ዛፎቻቸው ግን በአንድ ጥላ ሥር የበቀሉ ሊሆኑ ይችላሉ።

ወደ ደቡብ ምዕራብ የቡና አገር የዘለቀ ሰው ስለ ቁጥር ማሰቡ አይቀርለትም። ዛሬ ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን የምትባለው የሚዛን ተፈሪ ከተማ ስሟ ራሱ ለአማርኛ ጆሮ መመዘኛ ነው። ከበበቃ እስከ ቴፒ ባሉት ሰፋፊ እርሻዎችም ሆነ በየገበሬው ማሳ በለቀማ ወቅት ሁሉም ነገር ወደ ሚዛን ይሄዳል። ለቃሚዋ ቅርጫቷን ይዛ ቀዩን እሸት ቡና ስትለቅም ትውልና ቡናው ይመዘናል፤ ኪሎው ይጻፋል፤ በኪሎው ይከፈላታል።

አንድ ጊዜ በቴፒ አካባቢ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የሚጠጋ አንዲት ለቃሚ አነጋግሬ ነበር። “እማማ፣ ከጀመሩበት ጊዜ ወዲህ በጠቅላላው ስንት ኪሎ ለቅመው ይሆን?” አልኳቸው። በነገሩ ሳቁ። “የዛሬውን ከሆነ ሚዛኑ ጋ ያለውን ልጅ ጠይቀው፣ ጽፎታል። የዱሮውን ማን ጻፈው ልጄ?” አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ማታ ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሞከርኩት። አንዲት ለቃሚ በቀን 30 ኪሎ፣ በዓመት 50 ቀን፣ ለ30 ዓመት ትለቅማለች እንበል። 45,000 ኪሎ እሸት ቡና ይሆናል። ከስድስት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ያህል ንጹሕ ቡና ይወጣል ብንል 7,500 ኪሎ፣ በ60 ኪሎ ጆንያ ሲሰፈር 125 ጆንያ ነው። እንዲህ ከሆነ ይህች ሴት በሰባተኛ ዓመቷ፣ ከቀናት ባንዱ፣ 10,000ኛ ኪሎዋን ለቅማለች ማለት ነው። ያን ቀን ማንም አላጨበጨበም። እሷም አላወቀችውም። ምናልባት ዝናብ ነበር፤ ምናልባት ልጅ አዝላ ነበር።

እዚህ ላይ አንዳንድ አስተዋይ ሰው “እንግዲያው ቁጥር ከንቱ ነው፤ ሰው በሥራው ራሱን ያውቃል፤ መጻፍ አለመጻፉ ምን ለውጥ ያመጣል?” ሊል ይችላል። የሚያምር አባባል ነው። እኔ ግን አልቀበለውም። ይህን ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስሙ የተጻፈለት ሰው ነውና። ያልተጻፈለት ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ እንደገና ወደ ቤዝቦሉ ልመለስ።

ጆሽ ጊብሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ተጫዋች ነበር። በዘመኑ ጥቁሮች ወደ ትልቁ ሊግ አይገቡም ነበርና የራሳቸው ሊጎች ነበሯቸው። ጊብሰን እ.ኤ.አ. ጥር 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ። ጃኪ ሮቢንሰን የቀለሙን አጥር ጥሶ የገባው በዚያው ዓመት ሚያዝያ ነው፤ ሦስት ወር እንኳ አልቆየለትም። በ1972 በቤዝቦል የክብር አዳራሽ ሲገባ የተቀረጸለት ጽሑፍ 800 የሚጠጉ ሆም ረኖች እንዳሉት ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ትልቁ ሊግ የጥቁሮቹን ሊጎች ውጤት ከራሱ መዝገብ ጋር ሲያዋሕድ ጊብሰን በ.372 የምት አማካይ ታይ ኮብን በልጦ የዘመናት ሁሉ አንደኛ ሆነ። በዚያው መዝገብ ላይ ግን የሆም ረኖቹ ቁጥር 200 እንኳ አይሞላም።

ከ800 እስከ 200 ባለው ልዩነት ውስጥ ምን አለ? ከሊግ ውጪ በየከተማው እየዞሩ የተጫወቱት ጨዋታ አለ፤ ማንም ያልመዘገበው ምት አለ። ኳሶቹ ተመትተው ሄደዋል። ተመልካቾቹም አጨብጭበው ሞተዋል። ሰውየው አንደኛ ነህ ለመባል ከሞተ በኋላ 77 ዓመት መጠበቅ ነበረበት። ቁጥር ከንቱ ነው የምንል ከሆነ ይህን በደል በደል ለማለት አፍ የለንም።

መጻፉም ቢሆን ብቻውን ፍትሕ አይደለም። ጌሻን እንውሰድ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን፣ ከጌሻ አካባቢ የተወሰደ የቡና ዘር በታንዛኒያ አልፎ፣ በ1953 ኮስታ ሪካ ገብቶ፣ በመጨረሻ ፓናማ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ ጨረታ አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር ተሸጠ፤ በ2019 ደግሞ ከ1,000 ዶላር በላይ አወጣ። ይህ ቡና የራሱ የክብር ካርድ አለው ማለት ይቻላል። ስሙ የእኛ አገር ስም ነው። በዚያ ጫካ ውስጥ ዛፉን ሳይቆርጡ፣ ጥላውን ጠብቀው፣ ከአባት ወደ ልጅ ያቆዩት ሰዎች ግን በካርዱ ላይ የሉም። ስም ተጽፎ ባለቤቱ ሊረሳ ይችላል ማለት ነው።

ወደ ኳሳችን ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይቀርበናል። በሚዛን ጌም ቤቶች ጆይስቲክ ይዘው የሚፋለሙ ልጆች ፔሌን ያውቁታል። አያቶቻቸው በሬዲዮ የሰሙትን ሰው እነሱ በካርድ አግኝተውታል። ፔሌ እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 1969 በማራካና “1,000ኛ” ጎሉን በፍጹም ቅጣት ምት ሲያገባ ዓለም ተደነቀ፤ የወዳጅነት ጨዋታውን ቀንሰን ብንቆጥር ግን የዘመኑ ሁሉ ጎል ተደምሮ 1,000 አይደርስም። ቆጣሪው ማን እንደሆነ ድንጋዩን ያዛውረዋል። እነዚሁ ልጆች መንግሥቱ ወርቁን ያውቁታል? በአፍሪካ ዋንጫ 10 ጎል ያገባ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ባሸነፍንበት ፍጻሜ የመጨረሻዋን ጎል ያስቆጠረ ነው። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለውን አምበሉን ሉቻኖ ቫሳሎንስ? በዓለም በሰፊው በሚታወቀው የእግር ኳስ ጌም ከቀድሞ ታላላቆች ካርዶች መካከል የኢትዮጵያዊ ካርድ የለም።

በቅርቡ ደግሞ አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ፣ ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም. በ25 ጎል ይዞት የነበረውን የፕሪሚየር ሊግ ክብረ ወሰን ሰበረ። 29 ሙሉ ቁጥር አይደለም፤ በአምስትም በአሥርም አይካፈልም። የኪሎ ሜትር ድንጋይ ቢሆን ማንም 29 ላይ አይተክለውም። ለእኛ ግን ድንጋይ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሰው ተቀምጦ አንድ በአንድ ቆጥሮታል። ክለቡም በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ በቡናው ሠራተኞችና ነጋዴዎች ስም የቆመ ክለብ ነው። አቡበከርን ከ29 ጎሉ ስናስታውስ ኳሱን ያቀበሉትን ልጆች ለምን አናስታውስም? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ!

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት ሐሳብ ይህ ነው። ቁጥር ስለ ሰው ይመሰክራል፤ በሰው ላይ ግን መፍረድ አይችልም። ሳም ራይስን 13 ምት ስለጎደለው፣ አንድን ገበሬ ሩብ ነጥብ ስለጎደለው ዝቅ ያደረግን ዕለት ምስክሩን ዳኛ አድርገነዋል። ምስክር አያስፈልግም ብለን መዝገቡን የዘጋን ዕለት ደግሞ ጊብሰንን ሁለተኛ ጊዜ ከሜዳ አስወጥተነዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ የኋለኛው ግን ይከፋል ባይ ነኝ። የተጋነነ ቁጥር ሊታረም ይችላል፤ ያልተጻፈው ግን ከምን ላይ ይታረማል?

ስለዚህ ግዴታው የሚወድቀው በሠሪው ላይ ሳይሆን መዝገብ በያዘው ላይ ነው። ለቃሚዋ መልቀም እንጂ መቁጠር አይጠበቅባትም። ሚዛኑ ጋ የተቀመጠው ልጅ ግን ብዕርና ደብተር አለው። የየክለቡ ጸሐፊ፣ የየቀበሌው ሹም፣ የየትምህርት ቤቱ መምህር፣ እኛም ጋዜጠኞች ነን የምንል ሁላችን ብዕርና ደብተር አለን። የዕለቱን ኪሎ ጽፈን ሒሳቡ ሲዘጋ ደብተሩን መጣል ለምደናል፤ የቀኑ ብድር ስለተከፈለ የዘመኑም የተከፈለ ይመስለናል። አንድ የጌም ኩባንያ ለገበያው ብሎ የሰውን ዘመን ደምሮ ካርድ ላይ ካወጣ፣ እኛ ለፍቅር ብለን የእናቶቻችንን ዘመን ለመደመር ምን ይከለክለናል?

አንዲት የቴፒ ሴት 10,000ኛ ኪሎዋን ባለፈችበት ቀን ዋጋዋ ከትናንቱ አንዲት ፍሬ አልጨመረም። ያን ቀን የሚያውቅ ሰው ባለመኖሩ የጎደለው ከእኛ ደብተር ነው። ጌም ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ልጇ ግን ይህን አያውቅምና ካርድ የሌለው ሰው ያልሠራ ሰው ይመስለዋል። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።