ሳታዩ አትቁረጡ

ዛሬ ዛሬ ቤቴል ውስጥ ወጣቱን ሁሉ ‹‹ምን ትሠራለህ?›› ብትሉት ‹‹ኤዲተር ነኝ›› ይላችኋል። ደግ ነው። ከወይራ ሰፈር እስከ ዓለም ባንክ ላፕቶፕ ያለው በላፕቶፑ፣ የሌለው በስልኩ ካፕካት ከፍቶ የሰርግ፣ የልደትና የምረቃ ቪዲዮ እየቆረጠ እንጀራውን ይጋግራል። ዕድሜዬን በዚሁ ሙያ ስለፈጀሁ ስልክ ይዘው የሚመጡብኝ ልጆች ብዙ ናቸው። አያለሁ፤ ካየሁ ደግሞ ዝም አልልም። ለእያንዳንዳችሁ በየተራ ስናገር የከረምኩትን ዛሬ አንድ ላይ ልናገረውና ይውጣልኝ። ቢመራችሁም ታገሡኝ፤ ሽማግሌን መስማት ያስተማሯችሁ ወላጆች ልጆች ናችሁ።

የቆሰቆሰኝ የሰማይ ዝላይ ቪዲዮ ነው። ዱባይ የምትሠራ የአንዱ ልጅ እህት፣ ፓልም ጁሜራ ከምትባለው የዘንባባ ቅርጽ ካላት ደሴት በላይ ከአውሮፕላን ዘለለች። ብቻዋን አይደለም፤ ጀማሪ ከአሠልጣኝ ጋር ታስሮ ነው የሚዘልለው። 4,000 ሜትር ገደማ ላይ በሩ ይከፈታል፣ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት አንድ ደቂቃ ገደማ ይወርዳሉ፤ ከዚያ ፓራሹቱ ተዘርግቶ ጥቂት ደቂቃ እየተንሳፈፉ መሬት ይደርሳሉ። ጌታን ዲያብሎስ ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ያለበትን ታሪክ እየጠቀሱ መዝለሉን ራሱን የሚኮንኑ ጓደኞች አሉኝ። እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም፤ የንስሐ አባቷን ትጠይቅ።

ወንድሟ ቆራርጦ ያሳየኝ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። መውደቁ ብቻ ነው፤ ስሎው ሞሽን፣ ብልጭታ፣ ትራንዚሽን በትራንዚሽን ላይ፣ ከሥሩ የፈረንጅ ዘፈን። ‹‹ፉቴጁን አምጣ›› አልኩት። ከአሠልጣኙ እጅ ላይ የታሰረችው ጎፕሮ ከአውሮፕላኑ ጀምሮ እስከ መሬት ቀርጻለች። አብረን አየነው። ፓራሹቱ ተከፍቶ የንፋሱ ጩኸት እንደቆመ ልጅቱ ‹‹እመቤቴ ማርያም! እማዬ ይህን ብታይ!›› ብላ ጮኸች። ጥርት ብሎ ይሰማል። ወንድሟን ዞር ብዬ አየሁት፤ እንደኔው ገና መስማቱ ነው። ለካ ፉቴጁን ላፕቶፕ ላይ ሲጥል መጀመሪያ ያደረገው ድምፁን ማጥፋት ኖሯል። እናትየው እዚሁ ቤቴል ናት። ቪዲዮውም የተላከው ለእሷ ነው።

ይህ ነው እንግዲህ ያንገበገበኝ። ሳታዩ ትቆርጣላችሁ! ሳትሰሙ ድምፅ ታጠፋላችሁ! በነፃው ውድቀት ጊዜ ማይክሮፎን ከንፋስ በቀር ምንም እንደማይዝ እኔም አውቃለሁ፤ ያንን ዝቅ አድርጉት፣ ሙዚቃ ሙሉበት፣ አልከለክልም። ፓራሹቱ ሲከፈት ግን ጆሮ ነፃ ይወጣል፤ ሰው የሚናገረውም ያኔ ነው። ይህን የሚያውቀው እስከ መጨረሻው የተቀመጠ ብቻ ነው። እናንተ ግን ጣታችሁን ታይምላይኑ ላይ እየጎተታችሁ ‹‹አሪፏ ቦታ›› የምትሏትን ትፈልጋላችሁ፤ ወጡን ሳይቀምሱ ጨው መጨመር ይሉታል ይህን።

‹‹ተመልካች መጠበቅ አይወድም ጋሼ›› ትሉኛላችሁ። ማን ነገራችሁ? ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ፌሊክስ ባውምጋርትነር የተባለው ኦስትሪያዊ ከ39 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ዘለለ። ነፃ ውድቀቱ ከአራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ አይበልጥም፤ በባሉን ወደ ላይ ሲወጣ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጅቷል። በዩቲዩብ ብቻ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በአንድ ጊዜ እያየው ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲጠብቅ፣ ሲሳቀቅ፣ ምናልባትም ሲጸልይለት ቆይቶ ነው መውደቁ መውደቅ የሆነለት። የእህትየው ቪዲዮም እንዲሁ ነበረ። አውሮፕላኑ ውስጥ ጉልበቷን ጨምቃ ይዛ ስትስቅ፣ በሩ ሲከፈት ሳቋ ድንገት ሲቆም፣ ሁሉም ነበረ። ልጁ ግን ‹‹ቦሪንግ ነው›› ብሎ አልፎታል።

እኔ ሥራውን የለመድኩት በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው። ባለ 100 ጫማው ጥቅል ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ቀራጩም ሲቀርጽ እየሰሰተ ነው። አለቃዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መቀስ የማይሰጡ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ በያኔዋ ደብረ ዘይት፣ የተቀረጸ የአየር ወለድ ልምምድ ለዜና መጣልን። የወታደር ዝላይ እንደ ዱባዩ አይደለም፤ ከዝቅታ ነው የሚወጡት፣ ከአውሮፕላኑ ጋር የተያያዘው ገመድ ራሱ ጃንጥላውን ይከፍተዋል፤ ነፃ ውድቀት ብሎ ነገር የለም። ሰማዩ በክብ ጃንጥላ ተሞልቶ ሳይ እጄ በላኝ። ‹‹ደግመህ እይ›› አሉኝ። አየሁ። ‹‹ደግመህ›› አሉኝ። ተናድጄ ደግሜ ሳይ፣ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ልጅ እግር ወታደር ጃንጥላውን ጠቅልሎ እላዩ ላይ ተቀምጧል፤ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ሊነሳ ይሞክርና ሳቁ መልሶ ያስቀምጠዋል። ቀራጩ እንዴት እንዳልቆረጠው እንጃ። አለቃዬ ዜናውን የዘጉት በእሱ ነበር። የዚያን ወታደር ስም አላውቅም፤ ሳቁ ግን እስከ ዛሬ ያስቀኛል። አለቃዬ ለራሳቸው ሲስቁ ያየኋቸውም ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሻይ ሁሉ ጋብዘውኛል።

እና እናንተ ምን አጣችሁ? ጊዜ? ያኔ ለደቂቃዎች ፊልም ስንት ይወጣ ነበር፤ ዛሬ ሃርድ ዲስኩ ሰዓታት ተሸክሞ እናንተ ሃያ ደቂቃ ለማየት ትሰለቻላችሁ። የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ ‹‹ምርት ሦስት ሺህ ዓመት››ን ገና ተማሪ ሳለ በ1974 እ.ኤ.አ. አገር ቤት መጥቶ በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጸው፤ ፊልሙ ለተመልካች የደረሰው ግን በ1976 ነው። ተማሪ ነበር እኮ፣ እንደ እናንተው!

ሌላውን ባጭሩ ልበለው። ስሎው ሞሽን ከፈለጋችሁ በሰከንድ 120 ፍሬም የተቀረጸውን አራት እጥፍ አዘግዩ፤ በ30 የተቀረጸው በዚያው ልክ ሲዘገይ ይንቀጠቀጣል። ዋናውን ፋይል ሁለት ቦታ ሳታስቀምጡ ሥራ አትጀምሩ፤ መብራቱን ታውቁታላችሁ። የሰው ዘፈን ያለ ፈቃድ አትጠቀሙ፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው።

እኔ ራሴ ዘልዬ እቀርጻለሁ የሚልም አይጠፋም። ሰከን በል ልጄ። የአሜሪካ ዘላዮች ማኅበር ቢያንስ 200 ጊዜ ያልዘለለ ሰው ካሜራ ይዞ እንዳይዘል ይመክራል። በ1988 እ.ኤ.አ. በሰሜን ካሮላይና ከ800 ጊዜ በላይ የዘለለ የካሜራ ሰው ሌሎች ዘላዮችን ሊቀርጽ ተከትሏቸው ከአውሮፕላን ወጣ። ካሜራውን ይዟል፤ ፓራሹቱን አላጠለቀም። ረስቶት ነው። እግዚአብሔር ነፍሱን ያሳርፍ። ያን ያህል የለመደ ሰው ካሜራው ሐሳቡን ከወሰደበት፣ ትናንት ስልክ የገዛ ልጅ እንዴት ይሆናል?

ወደ ነገሬ ልመለስ፤ አልጨረስኩም። የዝላዩ ቪዲዮ የአንድ ቤት ጉዳይ ነው ይባል። የሰርጉስ? አምና ያየኋቸው የሰርግ ቪዲዮዎች ድሮን አላቸው፣ የመኪና ሰልፍ አላቸው፣ ሙሽራዋ በዝግታ ስትዞር አላቸው። ሽማግሌው ተነስተው ‹‹ውለዱ፣ ክበዱ›› ብለው ሲመርቁ ግን አፋቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለም፤ ዘፈን ተጭኖበታል። እኚያ ሽማግሌ ለከርሞ ባይኖሩስ? ልጆቹ አድገው የአያታቸውን ምርቃት መስማት ቢፈልጉ ከየት ያመጡታል? ፋይሉንም እንደሆነ ‹‹ሜሞሪ ሞላብኝ›› ብላችሁ አጥፍታችሁታል።

ፋሲካ ሲያልፍ ሰርጉ ይጀምራል። ሥራ ይዛችሁ ብትመጡ ደጄ ክፍት ነው፤ ፉቴጁን ከነድምፁ፣ ከነማይረባው ይዛችሁ ኑ፣ ቁጭ ብለን እናየዋለን፤ ቻርጀርም አትርሱ። ምርቃቱን ‹‹ረዘመ›› ብሎ ቆርጦ የሚመጣብኝን ልጅ ግን ቡና ቢፈላም አላስገባውም።