አደራ ተሸካሚው ሕዋስ



በሆላንድ አገር፣ ደልፍት በምትባል ከተማ፣ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ የሚባል አንድ የጨርቅ ነጋዴ ነበረ። ነጋዴው በገዛ እጁ እየሞረደ በሠራው አጉሊ መነጽር ደምን ቢመለከት፣ ቀዩ ፈሳሽ ጥቃቅን ክብ ነገሮች የሚንሳፈፉበት ሆኖ አገኘው። ይህንንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1674 ጻፈ። ይህን ታሪክ ያስቀደምሁት ከመካከላችሁ ሱቅ ያላችሁ ብዙዎች ስለሆናችሁ ነው፤ ዕቃን አተኵሮ መመርመር የለመደ ዐይን ለዕውቀትም ይጠቅማልና።

እነዚያ ጥቃቅን ነገሮች ሕዋሳት ናቸው። የሰውም፣ የእንስሳም፣ የዕፅዋትም አካል ከሕዋሳት የተሠራ ነው፤ ሥራቸው የተለያየ እንደ መሆኑ መጠንም ቅርጻቸው ይለያያል። አንድ ሚሊሜትር በ1000 ቢከፈል፣ የቀዩ የደም ሕዋስ ስፋት ከዚያ 7 ወይም 8 እጅ ያህል ብቻ ነው። በሁለቱም ወገን መካከሉ ጐድጐድ ያለ በመሆኑ ኦክሲጅን ፈጥኖ ይገባበታል፣ ፈጥኖም ይወጣለታል። የደም ሥሩ ከእርሱ ይልቅ ቢጠብ ተጣጥፎ ያልፋል። ሌሎች ሕዋሳት ያላቸውን አስኳል እርሱ ገና በአጥንት መቅኔ ሳለ ይጥለዋል፤ ይኸውም ብረት ያለበት፣ ኦክሲጅንን የሚይዘው ሄሞግሎቢን ሰፊ ቦታ ያገኝ ዘንድ ነው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ነው፦ ይህ ሕዋስ ከሚሸከመው ኦክሲጅን ለራሱ ጉልበት ምንም አያቃጥልም። ኃይሉን ከስኳር፣ ያለ ኦክሲጅን ያገኛል። ቀንና ሌሊት የሌላውን ሲሳይ ተሸክሞ ይዞራል፤ ከጭነቱም አይቀምስም። የሰው ገንዘብ በአማና በእጁ ያለ ሰው ይህን ያስብ! አስኳል የሌለው በመሆኑ ራሱን ማደስ አይችልምና ከ120 ቀን ገደማ በኋላ ያልቃል፤ ብረቱ ግን ተመልሶ ለአዲስ ሕዋስ መሥሪያ ይሆናል።

በዕፅዋትም እንዲሁ ነው። የቡና ቅጠል የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች በታችኛው ገጽ ይገኛሉ፤ በእያንዳንዱም ቀዳዳ ግራና ቀኝ ሁለት ሕዋሳት እንደ በር ጠባቂ ቆመዋል። በቀዳዳው በኩል ያለው ግድግዳቸው ወፍራም ስለሆነ ውኃ ሲሞላቸው ይቀስታሉ፣ በሩም ይከፈታል፤ ውኃ ሲያጥራቸው ይዘጋል። የሥሩ ሕዋስ ደግሞ በአፈር ቅንጣት መካከል እንደ ቀጭን ክር ይዘረጋል፤ በጨለማ ስለሚሠራ አረንጓዴው ነገር የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። በሄሞግሎቢን ውስጥ አንዲት ቅንጣት ብትለወጥ፣ ቀዩ ሕዋስ ኦክሲጅኑን ሲያራግፍ እንደ ማጭድ ይቈለመማል። በጠባቡም ሥር ተወትፎ ልጁን በብርቱ ሕመም ያስጮኸዋል፤ የሕዋሱም ዕድሜ እጅግ ያጥራል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ እናቲቱን የሚወቅሱ፣ «የወንጀሏ ቅጣት ነው» የሚሉ ጐረቤቶች አሉ። ይህ ንግግር በደል ነው! በሽታው ከአባትም ከእናትም በውርስ የሚመጣ ነውና፤ ሁለቱም ራሳቸው ጤነኞች ሆነው ጠባዩን ቢሸከሙ፣ በየእርግዝናው ከአራት አንድ ዕድል ልጁ ይታመማል። በሥጋ ዘመዳሞች ጋብቻ ደግሞ ሁለት ተሸካሚዎች የመገናኘታቸው ነገር ይበዛል።

በሳዑዲ ዐረቢያ ከ2004 ወዲህ ለኒካሕ የሚቀርቡ ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው ለዚህ በሽታ ደማቸውን እንዲያስመረምሩ ታዝዟል። አባቶች ሆይ፣ ስለ መህሩ ልትነጋገሩ በተቀመጣችሁ ጊዜ፣ ቃል ሳይታሰር፣ የሁለቱ ልጆች ደም ተመርምሮ እንደ ሆነ ጠይቁ።