የታመመ እስረኛና የዕርቅ ስምምነት

በቆሼና በአካባቢው የምትኖሩ ምእመናን፣ ወደ ማረሚያ ቤት ስንቅ ማመላለስ ምን ያህል እንደሚያደክም ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እናት ምግቡን ታደርሳለች። ልጇ ሲታመምባት ግን ሐኪም ልታመጣለት አይቻላትም፤ እርሱም ተነሥቶ ጤና ጣቢያ መሄድ አይችልም። በሩን የዘጋበት አካል ሕመሙንም አብሮ ተረክቧል።

እንግዲህ እስረኛው ሕክምና ተነፍጎ አካሉ ቢጎድል፣ ቢከስስ፣ ተከሳሹም መሥሪያ ቤት «ካሳ ተቀበልና ጉዳዩ ይዘጋ» ቢለው፣ ሊቀበል ይገባዋልን? ጥያቄውን ያቀረቡልን አንድ ካቴኪስት ናቸው፤ በችኮላ ልንመልስላቸው አልፈቀድንም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 እስረኛ ሰብአዊ ክብሩ በተጠበቀ ሁኔታ እንዲያዝና ከሐኪሙ ጋር እንዲገናኝ መብት ሰጥቶታል። የተጻፈው ግን ሁልጊዜ በጊዜው አይደርስም። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ራሳቸው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። በ1986 ዓ.ም. ታስረው ጤናቸው ክፉኛ ታወከ፤ ለሕክምና ወደ ውጭ እንዲሄዱ የተፈቀደላቸው በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በአሜሪካ አረፉ። በፖለቲካቸው ላይ መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም። ስንቱን ያከሙ ሐኪም ለራሳቸው ሕክምና የሌላ ሰው ፈቃድ መጠበቃቸው ግን ያሳስበናል።

ክሱና ዕርቁ በሰፊው የተለመደው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ጋምብል የተባለ የቴክሳስ እስረኛ በሥራ ላይ የጥጥ ጥቅል ወድቆበት ተጎዳ፤ ክሱንም በገዛ እጁ ጻፈ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1976 የእስረኛን ከባድ ሕመም ሆን ብሎ ቸል ማለት ጭካኔ ነው ሲል ወሰነ፤ ጋምብል በሐኪሙ ላይ ያቀረበውን ክስ ግን አልተቀበለውም። መብቱ ለሌሎች ተረፈ፤ እርሱ ባዶ እጁን ቀረ። የአሪዞና እስረኞች ደግሞ በ2014 ከግዛቱ ጋር ታረቁ፤ በስምምነቱም ከመቶ በላይ የሕክምና መመዘኛዎች ተዘረዘሩ። መመዘኛዎቹ ሳይፈጸሙ ቀሩ። ፍርድ ቤቱ በ2018 ግዛቱን 1.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል ቀጣ፤ በ2021 ዕርቁን ሻረው፤ በ2022ም ሕክምናው ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ሲል ፈረደ።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ከባላጋራ ጋር በመንገድ ሳሉ ፈጥኖ መታረቅን ያስተምራል። ይህን ቃል ለእስረኛው የሚጠቅሱለት አሉ። ቃሉ የተነገረው ግን ለተከሳሹ፣ ዕዳ ላለበት ሰው ነው። ለዕርቅ መፍጠን የሚገባው በዳዩ ነው እንጂ፣ የተበደለው ሰላም ወዳድ መሆኑን እንዲያስመሰክር አይጠየቅም።

ስለዚህ ካሳውን ቢቀበል አንነቅፈውም። ልጆች ያሉትን ድሃ «ለመርሕ ስትል ተራብ» ማለት ለእኛ ለጠገብነው ይቀላል። ደግሞም መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች በሞቱበት በዚህ ሰፈር፣ ገንዘብ ምኑን እንደሚሞላ፣ ምኑንም እንደማይሞላ ማስረዳት አያሻንም። የምንፈራው «ስለ ደረሰብህ ነገር አትናገር» የሚለውን ውል ነው። እስረኛው በራሱ ላይ የደረሰውን በደል ይቅር ማለት ይችላል፤ በአጠገቡ ተኝቶ በሚያቃስተው ሰው ስም ግን ይቅር ሊል ማን ሾመው?

ለካቴኪስቱም የመለስንላቸው ይህንኑ ነው፤ ሰውዬው ከመፈረሙ በፊት ውሉን የሚያነብለት ሰው ይፈልጉለት፤ ከገንዘቡ መጠን አስቀድሞም ሐኪም ከእንግዲህ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ የሚናገር መስመር እንዳለ ይጠይቁለት።